ከጥንቸሏ ጎጆ ሥር

አዲስ አበባ ውስጥ ከወሎ ሰፈር ወደ ጎተራ በሚወስደው የኢትዮ ቻይና ጎዳና ዳር አንድ ልጅ ካርቶን ታቅፎ ይቆማል። ውስጡ የጥንቸል ግልገሎች አሉ። ገዢ ሁሉ እጁን የሚሰደው ወደ ትንሿ ነው። ልጁም ይህን ያውቃል፤ ትንሿን ከላይ ያደርጋታል።

የጥንቸል ግልገል ሆድ ከወተት ወደ ሣር የሚሻገረው ቀስ በቀስ ነው። ስምንት ሳምንት ገደማ እስኪሆናት ከእናቷ ባትለይ ይበጃታል። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት ዓይናቸውን ከገለጡ ብዙ የቆዩ አይመስሉም።

«ምን ትበላለች?» ይላል ገዢው።

«ያገኘችውን።»

*

አንድ ግቢ ውስጥ ጥንቸል ወለደች። «ጨካኝ ናት፤ ልጆቿን አታጠባም» ተባለ። ልጆች በጡጦ የላም ወተት ይዘው ሮጡ።

ጥንቸል በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ነው የምታጠባው፤ ያውም ለጥቂት ደቂቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰው በሌለበት ሰዓት። ቀኑን ሙሉ ከልጆቿ የምትርቀው ጠላት ጎሬዋን እንዳያገኝባት ነው። የግልገሎቹ ሆድ ሞላ ብሎ፣ ገላቸው ሞቆ ከተገኘ ጠብተዋል። የዳሰሳቸው ሰው አልነበረም። ወተቱን የተጋቱት በማግስቱ ተቅማጥ ያዛቸው። እናትየዋ እስካሁን ጨካኝ ትባላለች።

*

«ጥንቸል ውሃ አትጠጣም» ሲባል ከሻጭም ከገዢም ሰምቻለሁ። ሁለት ኪሎ የምትመዝን ጥንቸል በቀን የምትጠጣው ውሃ አሥር ኪሎ የሚመዝን ውሻ ከሚጠጣው ጋር ሊተካከል ይችላል። ውሃ ስታጣ ሆዷ ውስጥ ያለው ምግብ ይደርቅና ባለበት ይቆማል።

ሰፈራችን ውስጥ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። በመጣበት ሌሊት በርሜሉ ይሞላል፣ ጀሪካኑ ይሞላል፣ ባልዲው ይሞላል። የግቢያችን ጥንቸል ጣሳ እንደደረቀ ያድራል። አንድ ጧት ሞልቼ አቀረብኩላት። ቀና ሳትል ጠጣች።

*

የሰፈሩን ልጆች ጥንቸል ምን እንደምትበላ ብትጠይቃቸው በአንድ አፍ «ካሮት!» ይላሉ። ይህን ያወቁት ከጥንቸል አይደለም። ባግስ በኒ የተባለው የአሜሪካ የካርቱን ጥንቸል በ1940 እ.ኤ.አ. ካሮት እየቆረጠመ ብቅ አለ። አቆራረጡ የተወሰደው ክላርክ ጌብል የተባለው ተዋናይ በ1934 እ.ኤ.አ. በወጣ ፊልም ላይ ካሮት እያኘከ ሲያወራ ከሚታይበት ትዕይንት ነው። ካሮቱን መጀመሪያ የበላው ሰው ነበር።

የካሮት ሥሩ ስኳር ይበዛዋል፤ ለጥንቸል አልፎ አልፎ አንዲት ቁራጭ በቂዋ ናት። የሚሻላት ቅጠሉ ነው። ጉሊት ላይ የተደረደረው ካሮት ቅጠሉ ተቆርጦ የመጣ ነው።

*

በዓል ሲቃረብ መንገድ ዳር ሣርና ድርቆሽ በእስር ይሸጣል። የሚገዛው ለበግ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ለሚቆይ በግ አባወራው ሁለት እስር በትከሻው ተሸክሞ ይገባል። «እንዳይከሳብኝ» ይላል።

በዚያው ግቢ፣ ጓሮ፣ ጥንቸል አለች። በአግባቡ ከተያዘች ስምንት፣ አሥር ዓመት ትኖራለች። የሚሰጣት ደረቅ ዳቦ፣ የእንጀራ ፍርፋሪና ፉርሽካ ነው። ከምትበላው ከአምስት እጅ አራቱ ድርቆሽና ሣር መሆን ነበረበት። አንጀቷን የሚያንቀሳቅሰው ገለባማው ነገር ነው፤ ጥርሷን የሚሞርደውም እሱ ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የላይኛው የፊት ጥርሷ በሳምንት ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ዳቦ ጥርስ አይሞርድም። የመንጋጋ ጥርሷ ሾሎ ምላሷንና ጉንጯን ሲወጋት መብላት ትተዋለች። ያኔ «ጠግባለች» ይባላል።

በበዓሉ ማግስት ከበጉ የተረፈው ድርቆሽ ከፈርሱ ጋር ተጠርጎ ወጣ።

*

ለእንቁጣጣሽ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ጥንቸሏ ሳሎን ገብታ ከዳር ጀምራ እየሳበች ትበላለች። የቤቱ እናት «ቄጤማዬን ጨረሰችብኝ!» ብላ አባረረቻት። ሁለተኛው ቡና ላይ ጨዋታው ስለ ጥንቸሏ ሆነ። «የኛዋ ሣር አትወድም» አለች እናትየዋ።

*

የጥግ ቤቷ ወይዘሮ ጥንቸሏን ከግቢ ልታስወጣ ቆርጣለች። «ሰገራዋን ትበላለች። በዓይኔ በብረቱ አየሁ» ትላለች። እውነቷን ነው፤ አይታለች። ንጋት ላይ ጥንቸሏ አንገቷን ወደ ሆዷ አጥፋ ከራሷ ላይ እየወሰደች ትውጣለች። ወይዘሮዋ በመጥረጊያ መታቻት። በማግስቱም መታቻት።

ጥንቸል ሁለት ዓይነት ነገር ታወጣለች። አንዱ ደረቅና ክብ ነው፤ ሽምብራ ያክላል። በጣት ሲፈረፈር ውስጡ የሣር ስብርባሪ ይታያል፤ ብዙም አይሸትም። ሌላው ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ነው፤ ይሸታል። ይኸኛው ቆሻሻ አይደለም። ዕውር አንጀቷ ውስጥ ረቂቅ ሕዋሳት ያብላሉት ምግቧ ነው። ፕሮቲን አለው፤ የቢ ቫይታሚኖች አሉት። መሬት ሳይነካ ወስዳ ትውጠዋለች። ከከለከሏት ትጎዳለች።

የግቢያችን አዛውንት ፀሐይ እየሞቁ የጥንቸሏ መንጋጋ ያለ ዕረፍት ሲንቀሳቀስ ያያሉ። «ታመሰኳለች ይላል መጽሐፉ» ይላሉ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 እና ዘዳግም ምዕራፍ 14 ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር ይቆጥሯታል፤ ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ ግን ሥጋዋ አይበላም። በግ የዋጠውን ወደ አፉ መልሶ ያመነዥጋል። ጥንቸል እንደዚያ ያለ ጨጓራ የላትም። የበላችውን ሁለት ጊዜ በመዋጧ ግን ከበጉ ጋር አንድ ናት፤ መንገዱ ነው የተለየው። ይህን ስነግራቸው አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና «የፈጠረው ያውቃል» አሉ። ከዚያ ተነስተው ወደ ጥግ ቤቷ ሄዱ። እኔ ብናገር የማትሰማኝ ወይዘሮ እሳቸውን ሰማች። መጥረጊያው ቀረ።

*

በእስልምና አብዛኞቹ ሊቃውንት የጥንቸል ሥጋ መብላትን ይፈቅዳሉ። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ግን አይበላትም። «ምን ቆርጦኝ» ይላል። ለልጁ የገዛትም፣ ጎጆዋን በገዛ እጁ የሠራላትም እሱ ነው።

*

«ተቅማጥ ያዛት» ከሚባልላቸው ጥንቸሎች ብዙዎቹ ተቅማጥ የላቸውም። ያ ለስላሳው ሳይዋጥ ቀርቶ ጭራዋ ሥር ተጣብቆ ነው። ፉርሽካና ዳቦ በዝቶባታል፤ ወይም ወፍራ አንገቷ ወደዚያ አልደርስ ብሏታል። መፍትሔው ድርቆሽ ነው። ውሃ የሆነ ተቅማጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግልገል ላይ ጧት የታየ ለማታ ላያደርሳት ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ጎንበስ ብሎ ማየት ይበቃል። ያየኋቸው ሰዎች የሚያጎነብሱት ለመጥረግ ነው።

*

ጥንቸል ሆዷን ስትታመም መጀመሪያ የሚታዘዝላት ጾም ነው። «ዛሬ ምንም እንዳትሰጧት፤ ሆዷን ታሳርፍ።» ሰው ሲታመም የለመድነው ነው። በደግነት ነው የሚባለው። ትልቅ ሰው ነው የሚለው፤ ልጆቹም ይታዘዛሉ። ድርቆሹን እንኳ ያነሱባታል።

ይህ ምክር ጥንቸልን ይገድላል። አንጀቷ ሥራውን የሚቀጥለው ምግብ ከላይ ሲመጣለት ነው። መብላት ስታቆም አንጀቷ ይቆማል። ውስጡ ያለው ይደርቃል፤ ጋዝ ይሞላል፤ ያማታል። ሕመሙ ደግሞ ጭራሽ እንዳትበላ ያደርጋታል። ማስመለስ አትችልም፤ አፈጣጠሯ አይፈቅድም። ግማሽ ቀን ሙሉ አፏን ካልከፈተች «ነገ እናያለን» አይባልም።

ምልክቱ ድምፅ የለውም። ጥንቸል ስትታመም አትጮኽም፤ ትደብቃለች። ጥግ ይዛ ትኮማተራለች። ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ጥርሷን ታፋጫለች። ጆሮዋ ይቀዘቅዛል። ጠብደል ጠብደል ያለው ጠጠር መሳይ ሰገራዋ አንሶ፣ ጠቁሮ፣ አንዳንዴ በጸጉር ተያይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ጭራሽ ይቀራል። ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጥፎ ያዳመጠ ሰው ደኅና ቀን የአንጀቷን ጉርምርምታ ይሰማል። ዛሬ ጸጥ ብሏል።

«ዛሬስ ጨዋ ሆናለች» አሉ ልጆቹ።

ሐኪም እስኪገኝ ማሞቅ ነው፤ ድርቆሹንና ውሃውን አፏ ሥር ማድረግ ነው። ሆዷ ካልተወጠረ በውሃ የራሰ ምግብ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ከጉንጯ በኩል ጥቂት ጥቂት ይሰጣታል። ሆዷ ተነፍቶ ከጠነከረ ግን ማጉረሱም ይቅር፤ ይዞ መሮጥ ብቻ ነው።

*

መድኃኒት ቤት፣ ከኔ ፊት የተሰለፈ ሰው። አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ጠየቀ።

«ለስንት ዓመት ልጅ ነው?»

«ለጥንቸል ነው።»

ተሰጠው። የሕፃን መድኃኒት ስለሆነ አይጎዳም ተባባሉ።

ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ክሊንዳማይሲን፦ ጥንቸል በአፏ ስትወስዳቸው ዕውር አንጀቷ ውስጥ የሚሠሩላትን ባክቴሪያዎች ይፈጁባታል። ቦታቸውን ክሎስትሪዲየም የሚባለው ይወርስና መርዝ ያመነጫል። ሆዷ ቆሞባት የነበረችው በጥቂት ቀን ውስጥ በተቅማጥ ታልቃለች። ለሰውየው ነገርኩት። ጠርሙሱን ኪሱ ከተተና «እስኪ ልይ» ብሎኝ ሄደ።

ጥንቸላቸው የሞተችባቸው ሰዎች «ያልሰጠናት መድኃኒት የለም እኮ» ይላሉ። እያዘኑ ነው የሚሉት።

*

የጭማቂ ቤቱ ልጅ እጀ ሰፊ ነው። ማታ ሲዘጋ የቀኑን ልጣጭ በፌስታል ለጥንቸሏ ያመጣላታል፤ የፓፓያ፣ የማንጎ፣ የአቮካዶ። አቮካዶ ለጥንቸል መርዝ ነው፤ ፍሬውም፣ ልጣጩም፣ ቅጠሉም። ሲነገረው ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ባዶ እጁን መጥቶ ያያታል።

*

አንድ ቤት የጥንቸሏ ጎጆ ወለል ቅዳሜ ቅዳሜ በበረኪና ይታጠባል። ሽታው እስከ ውጭ በር ይመጣል። «እኔ ቤት ጀርም የሚባል የለም» ትላለች ባለቤቷ።

ግልገሎችን ከሚፈጁት አንዱ ኮክሲዲያ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ነው። ከሰገራ ጋር የሚወጣው ዘሩ በበረኪና አይሞትም። የሚገድለው የፈላ ውሃና መድረቅ ነው። ከወጣ በኋላ ሌላዋን ለመያዝ እስኪደርስ ሁለት ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ በየቀኑ በደረቁ የተጠረገ ጎጆ በሳምንት አንዴ በበረኪና ከታጠበው ይሻላል። ሽንት ላይ በረኪና ሲፈስ ደግሞ ደረት የሚያቃጥል ጋዝ ይነሳል። ወለሉ ላይ የደረቀውን ነጭ የሽንት ቅርፊት አቼቶ ያስለቅቀዋል።

እዚያ ቤት ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል። ምድጃው አይጠፋም። የፈላ ውሃ ግን ጓሮ ደርሶ አያውቅም።

*

ለጥንቸሏ ጎጆ ንጣፍ ሰጋቱራ ከአናጢ ቤት በጆንያ ይመጣል። አንዴ ከተነጠፈ ይከርማል። ላዩ ደረቅ ነው፤ ሥሩ በሽንት ረጥቧል። አባትየው ጎጆው አጠገብ ቆሞ «ምንም አይሸትም» ይላል። የእሱ አፍንጫ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል በላይ ነው። የሷ ሰጋቱራው ላይ ነው።

*

እሁድ ጧት ልጆቹ ጥንቸሏን በሳፋ ያጥባሉ። ሐምሌ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ ጧቱ ይበርዳል። ጥንቸል ራሷን ስትልስ የምትውል እንስሳ ናት፤ ገላ መታጠብ አያስፈልጋትም። የራሰ ጸጉሯ ቶሎ አይደርቅም፤ ሙቀቷ ይወርዳል፤ ድንጋጤው ብቻውን አንጀቷን ሊያቆመው ይችላል። ጭራዋ ሥር ከቆሸሸ እሱን ብቻ ለብ ባለ ውሃ አጽድቶ ማድረቅ ይበቃል።

ታጥባ በፎጣ ተጠቅልላ ፎቶ ተነሳች። ከዚያ ወዳልተጠረገው ጎጆ ተመለሰች።

*

መስከረም ሲጠባ ዝንብ ይበዛል። መሶቡ ይከደናል። ወጡ ይከደናል። የሕፃኑ ፊት በነጠላ ይሸፈናል። ጓሮ ያለችው ጥንቸል ጭራዋ ሥር የተጣበቀባት ነገር አለ። ዝንብ እዚያ እንቁላሏን ከጣለች በአንድ ቀን ውስጥ ትል ሆኖ ሥጋዋን መብላት ይጀምራል። ማንሳትና ገልብጦ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልጆቹ በቀን አሥር ጊዜ ያነሷታል። የሚያዩት ፊቷን ነው።

*

እናቶች የሚፈሩት የጥንቸሏ የሆድ በሽታ ወደ ልጆቹ እንዳይተላለፍ ነው። የጥንቸል ኮክሲዲያ ሰው አይዝም። የዶሮውም ወደ ጥንቸል አይሻገርም፤ «ዶሮዎቹ ናቸው ያስያዟት» የሚባለውም ስለዚህ ልክ አይደለም። ከጸጉሯ ወደ ልጅ ቆዳ የሚሻገረው ጭርት ነው። እሱን የሚፈራው የለም።

ግቢው በር ላይ በኮሮና ጊዜ የተሰቀለችው የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን አሁንም አለች። ቧንቧዋ ዝጓል።

*

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ሰፈር ለልማት ሲነሳ ዕቃ የጫኑ መኪኖች ቀኑን ሙሉ ይመላለሱ ነበር። አንዱ ላይ ፍራሽ፣ ቁም ሣጥን፣ ምጣድ፣ ከሁሉም በላይ በገመድ የታሰረ የጥንቸል ሳጥን አየሁ። የማውቃቸው ሰዎች ነበሩ።

በአሮጌው ግቢ በግድግዳው ሥር ሰርዶ ይበቅል ነበር። ጥንቸሏ እሱን እየጋጠች ነው ያደገችው፤ ማንም ሣር ገዝቶላት አያውቅም፤ ጤነኛም ነበረች። የተዛወሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው። እግሯ እየከዳት ተንሸራተተች። ሶፋ ሥር ገባች። የዚያን ቀን አልበላችም፤ እነሱም እስከ ማታ አልቀመሱም ነበርና ልብ ያላት አልነበረም። በማግስቱ አንጀታቸው አልችል ብሎ አንድ ጥቅል ጎመን ሙሉውን ሰጧት። ግማሹን በላች። ማታ ሆዷ ተነፋ።

መንገድ፣ ጩኸትና አዲስ ሽታ የጥንቸልን አንጀት ለማቆም ይበቃሉ። ምግብ በድንገት መለወጥም እንዲሁ ነው፤ አዲስ ነገር ቢያንስ በሳምንት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ነው የሚለመደው። የቤቱ ትልቋ ልጅ ከመውጣታቸው በፊት ከግድግዳው ሥር አንድ ፌስታል ሰርዶ ነቅላ ይዛ ነበር። ለመታሰቢያ ነበር የያዘችው። ጥንቸሏ ሌሊቱን በሕይወት አደረች፤ ሲነጋ ሆዷ ጎደል ብሎላት አፏን የከፈተችው ለዚያ ሰርዶ ነው። አሁን አባትየው በየወሩ ከሱሉልታ የሚመጣ ድርቆሽ ይገዛል። ቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ድርቆሽ ብሎ በደብተሩ ይጽፋል።

*

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ኢንስቲትዩት እዚያ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም እዚያው ነው። ለውሻ ሐኪም የሚጠራ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ሞልቷል። ለጥንቸል ሲባል ሰው ይስቃል፤ «ሌላ ትገዛላችሁ» ይላል። ይህን የሚለው ባለ ጥንቸሉ ልጅ አጠገብ ቆሞ እየሰማ ነው።

*

አንድ አባት ግን ለሐኪም ደወለ። ሐኪሙ ሁለት ነገር ጠየቀው። መጨረሻ የበላችው መቼ ነው? መጨረሻ የተጸዳዳችውስ?

አባትየው የተገዛችበትን ቀን ያውቃል። ጎጆዋ የፈጀውን ቆርቆሮና ሚስማር ያውቃል። ለሁለቱ ጥያቄዎች ሚስቱን አየ። ሚስቱ ልጆቹን አየች። ጎጆዋን የሚጠርገው ዘበኛ ተጠራ።

«ከትናንት ጧት ወዲህ የምጠርገው አጣሁ» አለ።

«ታዲያ ምነው አልነገርከንም?»

«‹ጎጆዋ እንዴት ጸድቷል› ስትሉ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ፣ ጋሼ።»